ሰፈሩን ለሁለት የከፈለች ቁጥር

ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሰፈር ውስጥ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ልጅ ከማን ጋር ጥግ ይዞ እንደታየ፣ የማን ቤት ወጥ እንዳረረ ማወቅ የፈለገ ሰው የሚሄደው ፈትሂያ ዘንድ ነው። እሷም የመጣውን ባዶ ጆሮውን አትሸኝም። ያላየችውን ወሬ ካየው ሰው አሳምራ ትነግራለች። እንዲህ ያለችው ሴት ታዲያ አንድ ነገር ሳታውቅ ክረምቱ ሊወጣ ሆነ፤ የገዛ ጎረቤቷ ሸዋአየሁ በምን እንዳኮረፈቻት።

ውርደቱን አስቡት እንግዲህ። ከተማውን ሙሉ የምታውቅ ሴት ከአጥሯ ማዶ ያለውን አጣችው።

ጊዜው ሁለት ሺህ አራት፣ ኢድና ፍልሰታ ተከታትለው በተፈቱበት ነሐሴ ነው። የልጅ ልጇ ቡሽራ ሊዳር ድግሱ ለእሁድ ተቆርጧል። ጎንደር ውስጥ እስላሙ ሲደግስ ለክርስቲያን ጎረቤቱ በሬው ለብቻ ይታረዳል፣ ወጡ ለብቻ ይሠራል፣ ድንኳኑም ለብቻ ይተከላል። ያንን ወገን የሚይዘው ከክርስቲያኖቹ አንዱ ነው፤ በሬውን የሚያይ፣ አራጁን የሚጠራ፣ ሽንኩርቱን የሚያስከትፍ። በፈትሂያ ቤት ይሄን የያዘችው ሁልጊዜ ሸዋአየሁ ናት። ሸዋአየሁ ስትደግስ ደግሞ የእስላሙን ድስት የምትይዘው ፈትሂያ። አሁን ሸዋአየሁ ካልገባችበት ያ ድንኳን ባዶውን ይቆማል፤ ጎረቤቱ በማን እጅ እንደተሠራ ያላወቀውን ሥጋ ወደ አፉ አያስጠጋም። ግማሹ ሰፈር የሌለበት ሰርግ ደግሞ ምን ሰርግ ነው።

ጣጣው የጀመረው በካርዱ ነው።

የቡሽራ እህት ፈህሚያ የኮምፒውተር ትምህርቷን ስትጨርስ፣ ሥራ ፍለጋ ከምትንከራተት ብላ ፈትሂያ መንገድ ዳር ያለችውን ክፍል ለቀቀችላት። ድሮ ሟቹ ባሏ ሐቢብ ጨርቅ ይሸጥባት የነበረች ክፍል ናት። ፈህሚያ ኮምፒውተሯን እዚያ ተከለች። ማተሚያው ግን ግዙፍ ሆኖ አልገባ ስላለ ጓዳ፣ ከጤፉ ጆንያ አጠገብ ተቀመጠ። ከፊት እስከ ጓዳ ገመድ ተሳበ። ፊት ለፊት ሲጫኑት ጓዳ ታትሞ ይወጣል። ፈትሂያ ይሄን ያየች ቀን ለሰፈሩ እንዴት አድርጋ አወራችው መሰላችሁ፤ ማሽኑን የፈለሰፈችው ራሷ ናት የሚል ሰው ሁሉ ተገኘ፣ እሷም አላስተባበለች።

እና የቡሽራ የሰርግ ካርድ በገዛ ቤቱ ታተመ። ዙሪያው ወርቃማ፣ መሃሉ ላይ ሁለት ቀለበት የተቆላለፈበት። የመጀመሪያው ካርድ ከጓዳ ሲወጣ ፈትሂያ እንደ አራስ ልጅ ተቀበለችው።

"ይሄ ለሸዋዬ ይሂድ" አለች።

"እምዬ፣ እትዬ ሸዋአየሁ ካርድ ምን ያደርግላታል?" አለቻት ፈህሚያ።

"ምነው? ከሰው ታንሳለች?"

"ሳታንስ። እንዲያው አጥሩን ተሻግረሽ ብትነግሪያት…"

"አንቺ ልጅ ነሽ፣ የክብር ነገር አይገባሽም" ብላ አስቆመቻት።

ካርዱን የወሰደው አያ ውዱ ነው። አያ ውዱ ሁለቱንም ግቢ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው፤ ተራ በተራ ያበሉታል፣ ተራ በተራ ይቆጡታል። ሄዶ ተመለሰና፣

"እትዬ ሸዋአየሁ፣ ደርሶኛል፣ ሰዓቱን አክብሬ እገኛለሁ ብለዋል" አለ።

"ሸጋ። ሌላስ?"

"የምቀመጥበት ወንበር የቱ እንደሆነ ይነገረኝ ብለዋል።"

ፈትሂያ ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው። በማግስቱ ግን ሸዋአየሁ አልመጣችም። በሁለቱ ግቢ መሃል የቆርቆሮ በር አለች፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍባት፤ ሸዋአየሁ በየጠዋቱ በዚያች ብቅ ብላ "አለሽ ወይ?" ሳትል ውላ አታውቅም። አሁን በሯ ዝም አለች። ፈትሂያ አያ ውዱን ልካ ሽንኩርቱ መች ይገዛ ብትላት "የባለ ሰርጉ ፈቃድ ነው" አለች። በሬውን ነይና እይው ብትላት "ዓይኔን ያመኛል" አለች። ፈትሂያም እልህ ይዟት መላክ እንጂ መሄድ ተወች። አያ ውዱ በበሯ ሲመላለስ ጀርባው ጎበጠ።

"እኔ በዘበኝነት ነው የተቀጠርኩት እትዬ" አለ አንድ ቀን። "ፖስታ ቤት ቢሆን ቁጭ ብዬ ነበር የምሠራው።"

ፈትሂያ ምክንያቱን ፈልጋ ስታጣ ከራሷ አወጣች። መጀመሪያ፣ የሸዋአየሁ ልጅ ሀብተሥላሴ ሆስፒታል ተቀጥሯልና ኮርታ ነው አለች። ይሄንን ለሰፈሩ ስታዳርስ ጥሩ ሆኖ ተሰማት። ቀጥላ፣ የለም፣ ምቀኝነት ነው፣ እሷ ቤት ማተሚያ ስለሌለ ነው አለች። ይሄኛውን ራሷም ሙሉ በሙሉ አላመነችውም፤ ግን ወሬው ሲወራ ያምራል።

በዚያው ሰሞን የሩቆቹን ሰዎች ልትጠራ ወጣች። ካርዱ ለቅርብ ሰው ክብር ነው፣ ሩቅ ያለው ደግሞ እኔን በዓይኑ ሊያየኝ ይገባል ብላ ነው የወሰነች። አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ በባጃጅ እስከ ማራኪ ሄደች፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር መምህር ኪሩ የሚባል ሰው ቤት። ይሄ ሰው አንድ ቀን ፈህሚያ ዘንድ መታወቂያውን ፎቶ ኮፒ አስነስቷል፤ ከዚያ ወዲያ ዝምድና የላቸውም። ገባች፣ ተቀመጠች፣ ሻይ ጠጣች፣ የሙሽሪትን ወገን እስከ አያቶቿ ዘረዘረች፣ የማን አክስት ከማን እንደተፋታች ጨመረች። ሰውዬው በጨዋ ደንብ ሲሰማ ቆይቶ፣

"ይቅርታ እናቴ፣ ማን ልበል?" አላት።

ወደ ቤቷ ስትመለስ "እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው፣ እናቴ ነው የሚለኝ" ብላ አወራች።

የሸዋአየሁን ኩርፊያ ግን ሌሊትና ቀን ስታሰላስል አንድ ቀን ገባኝ አለች። ወንበር ጠየቀች አይደል? ክብሩ አንሷት ነዋ። የላክሁላት ካርድ ትንሽ ነው፣ ስሟም ወይዘሮ ብቻ ተብሎ ነው የተጻፈ። ተነስታ ፈህሚያ ዘንድ ሄደች።

"ትልቅ ካርድ ሥሪልኝ። ከሙሽሪት ቤተሰቦች ካርድ የሚበልጥ። ለክብርት ወይዘሮ ሸዋአየሁ በይው።"

"ክብርት?"

"ክብርት። ጎላ አርጊው።"

ያን ዕለት ከሰዓት ሰማዩ አዘቅዝቆ ዋለ። ፈህሚያ ካርዱን ጽፋ ሳትጨርስ መብረቁ አንድ ጊዜ ከከተማው ወጣ ብሎ ጠዳ ላይ፣ አንድ ጊዜ ራሱ አናታቸው ላይ የወረደ እስኪመስል አጓራ። በስልኩ ሽቦ መጥቶ ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን፣ ኢንተርኔት የምታስገባውን ሳጥን ቷ አደረጋት። የፀጉር ቃጠሎ የመሰለ ሽታ ሸተተ። ፈህሚያ አለቀሰች፣ ፈትሂያ ደግሞ ኮምፒውተሩ እንደበራ መሆኑን አይታ፣

"ማሽኑ ደህና አይደል? በይ እሱን አትሚልኝ" አለች።

ፈህሚያ ጫነችው። ጓዳው ጸጥ አለ።

"ድገሚው።"

ደገመችው። ምንም የለም።

"ከበድ አርገሽ ጫኚዋ።"

"እምዬ፣ በጉልበት አይደለም'ኮ።"

"አንዴ ድገሚው ስልሽ።"

ፈትሂያ ከፊት ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ፊት ተመላለሰች። ማተሚያውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው፣ ቢስሚላህ አለችበት፣ ቀጥላም ሰደበችው። ከፊት እየጮኸች ድገሚው ትላለች፣ ፈህሚያም ሰላም ለማግኘት ትጫናለች። ማተሚያው ወይ ፍንክች።

በማግስቱ ደግሞ አያ ውዱ ወንድሙ ታሞበት ወደ አገሩ መካነ ብርሃን ወጣ። ለእሁድ አንድ ቀን ቀርቶታል። ካርድ የለ፣ ካርድ አድራሽ የለ፣ ሸዋአየሁ የለች። ፈትሂያ የፈህሚያ ክፍል በርጩማ ላይ ቁጭ አለች፤ ያን ቀን ወሬ የጠየቃት ሰው እንኳ አልነበረም።

ፈህሚያ ጠረጴዛው ስር ገብታ ገመድ ትዳብሳለች፣ ለራሷ ታወራለች። "ኢንተርኔቱ መጥፋቱስ ይሁን፣ ወደ ውጭ የሚያወጣን ያ የተቃጠለው ሳጥን ነው። ማተሚያው ግን ጓዳችን ነው ያለው። ገመዱ ደህና። ገመዶቹ የሚገናኙበት ይሄ ትንሹ ሳጥንም ደህና፣ መብራቱ ያው ይበራል። ምነው አይተያዩም?"

ወጥታ ኮምፒውተሩን ከፈተች፣ ቁጥር በቁጥር የሆነ ነገር አየች፣ ከዚያ ግንባሯን በእጇ መታች።

"ማስኩ ነው። ውይ የኔ ነገር።"

"ምን የሚሉት ነው እሱ?" አለች ፈትሂያ።

"ሳብኔት ማስክ ይባላል። ተይው እምዬ፣ አሰልቺ ነገር ነው።"

"ዛሬ ሥራ የለኝም። በኔ ልክ አርገሽ ንገሪኝ።"

ፈህሚያ ተነፈሰች። "እያንዳንዱ ማሽን ቁጥር አለው። ይሄ ኮምፒውተር መጨረሻው ሃያ ነው፣ ማተሚያው ሁለት መቶ። ቁጥሩ ረዥም ነው፣ ፊተኛው ሰፈሩን ነው የሚናገር፣ ኋለኛው ቤቱን። ነገር ግን እዚህ ጋ ሰፈር አለቀ፣ እዚህ ጋ ቤት ጀመረ የሚል ምልክት ቁጥሩ ላይ የለም። ያንን የሚለየው ማስኩ ነው። ቁጥሩ ላይ ሲደረብ የቤቱን ወገን ይሸፍንና የሰፈሩን ብቻ ያሳያል።"

"እኔም ሰው ሲመጣ መልኩን አላይም። መጀመሪያ የማን ሰፈር ነው ነው የምለው።"

"እንደሱ ነው። ኮምፒውተሩም የሆነ ነገር ሊልክ ሲል መጀመሪያ በማስኩ ያያል። ሰፈራችን አንድ ነው ካለ ራሱ ጠርቶ በእጁ ይሰጠዋል። ሰፈሩ ሌላ ነው ካለ ግን ራሱ አይሄድም፤ በር ላይ ላለው ሳጥን ይሰጥና አድርስልኝ ይላል።"

"እንደ አያ ውዱ።"

"እንደ አያ ውዱ። እኔ ደግሞ ማስኩን ስሞላ መጨረሻው ላይ ዜሮ ማለት ሲገባኝ መቶ ሃያ ስምንት ብያለሁ። ስንማርበት የነበረው ክፍል ማሽኖቹ ለሁለት ሰፈር የተከፈሉ ነበሩ፣ እጄ ያንን ለምዶ። መቶ ሃያ ስምንት ስትዪው ሰፈሩን ከመሃል ይቆርጠዋል። ከዚያ በታች ያለው አንድ ሰፈር፣ ከዚያ ጀምሮ ያለው ሌላ ሰፈር። ሃያ እዚህ ቀረ፣ ሁለት መቶ ማዶ ሄደ። በአንድ ቤት እየኖሩ ኮምፒውተሩ ማተሚያውን የሩቅ ሰው አደረገው ማለት ነው።"

"እስከ ዛሬስ ያትም አልነበር?"

"ሳጥኑ እያደረሰለት ነዋ። ይሄ እኮ ጎረቤትህ ነው፣ ራስህ ስጠው ሳይል ተሸክሞ ሲመላለስለት ኖረ። እሱ ሲቃጠል ነው ጉዳቸው የወጣ።"

ፈትሂያ በርጩማዋን ወደ ማሽኑ ሳበች። ፈህሚያም ዘወር ብላ አየቻት።

"ማነው ጥፋተኛው?" አለች ፈትሂያ ቀስ ብላ። "ማተሚያው ነው?"

"ማተሚያው ምን አረገ። ሩቅ ነው ብሎ ያሰበው ኮምፒውተሩ ነው።"

"ሃያ የተባለው።"

"አዎ።"

"ሃያ እኔ ነኝ" አለች ፈትሂያ፣ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች።

ለካ ለሸዋአየሁ ካርድ የተላከ ዕለት ነው ነገሩ የተበላሸ። የቅርብ ሰው ለሰርግ በወረቀት ይጠራል እንዴ? በአፍ ነው የሚነገረው፤ ሸዋአየሁን ያህል የቀረበ ሰው ደግሞ መች ይነገረዋል፣ ሥራ ይታዘዛል እንጂ። ወረቀት ለመሥሪያ ቤት ሰው ነው። ይሄንን ፈትሂያ ለሰፈሩ ሙሽሮች እናቶች ሁሉ ስታስተምር የኖረች ናት፤ ማሽን አገኘሁ ብላ ራሷ ረሳችው። ማራኪ ድረስ በባጃጅ ሄዳ የማያውቃትን ሰው በአፏ ጠራች፣ አጥሯ ስር ላለችው በዘበኛ ወረቀት ላከች። ይሄን የሠራው ሌላ ሰው ቢሆን ለስንት ክረምት የሚበቃ ወሬ ይወጣው ነበር። የራሷ ሆነና ለማን ታውራው።

በቆርቆሮዋ በር ጎንበስ ብላ ገባች። ሸዋአየሁ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጎመን ትበጥሳለች። ቀና ብላ አየቻትና ወደ ጎመኗ ተመለሰች።

"ማን ልበል?" አለች።

"አታሹፊ አንቺ።"

"ካርድ ይዘሻል? አሁን'ኮ በካርድ ሆኗል።"

"ሸዋዬ።"

"ወይዘሮ ሸዋአየሁ ነው የሚለው። ሀብተሥላሴ አንብቦልኛል፣ እኔም ደግሜ አንብቤዋለሁ። በክብር ጠርተንዎታል ይላል። ቡሽራን ጡት ስታስጥሉት እኔ ቤት ነው ያደረ፣ እየጮኸ አላስተኛ ያለው እኔን ነው፤ ለእሱ ሰርግ በክብር ጠርተንዎታል። እሺ አልኩ፤ እንግዳ ነሽ ካላችሁኝ እንግዳ ነኝ። እንግዳ ደግሞ ሽንኩርት አይከትፍም። ጥሩ ልብሴን ለብሼ እመጣለሁ፣ ከፊት እቀመጣለሁ፣ ወጡ ጨው አነሰው ብዬ አማለሁ።"

ፈትሂያ ከአጠገቧ ቁጭ አለች። ጎመን አነሳችና አብራት መበጠስ ጀመረች።

"ጥፋቱ የማስኩ ነው" አለች።

"የማን?"

"ስሚኝ፣ እኔ ሃያ ነኝ፣ አንቺ ሁለት መቶ ነሽ። ሰፈራችን አንድ ነው። እኔ ግን መሃላችን መቶ ሃያ ስምንት አስገባሁ…"

ሸዋአየሁ ጎመኗን አስቀመጠች። "አሞሻል እንዴ? ሀብተሥላሴን ልጥራው? ዛሬ ቤት ነው ያለ።"

"አላመመኝም። ማሽን ሆኜ ነበር፣ አሁን ለቀቀኝ።" ፈትሂያ አንገቷን ሰበር አደረገች። "በሆስፒታሉ ኮርተሽ ነው ብዬ አውርቻለሁ።"

"ሰምቻለሁ።"

"ምቀኝነት ነውም ብያለሁ።"

"እሱንም ሰምቻለሁ። ወሬሽ ከካርድሽ ቀድሞ ነው የሚደርስ። እንዲያውም የመጀመሪያው ይሻላል፣ ሁለተኛው ላይ ደክሞሻል።"

ፈትሂያ ሳቋ መጣ፣ አፈነችው። "በይ ተነሽ እንግዲህ" አለች። "ሽንኩርቱ በጆንያው ተቀምጧል። በሬውን ያየው የለም፣ ቡሽራ ሊያየው ሄዶ ቀንዱ ያምራል ብሎኝ መጣ። አራጅ አልተጠራም። የእናንተ ወጥ የሚሠራበት ትልቁ ድስትም አንቺ ቤት ነው ያለ፣ ካለፈው ፋሲካ ጀምሮ አልመለስሽልኝም።"

ሸዋአየሁ ቀሚሷ ላይ የወደቀውን ቅጠል አራገፈች።

"ይሄን ማለት ይሄን ያህል ጊዜ ፈጀብሽ?" አለች። "ቀንዱ ያምራል አለ? አወይ ይሄ ልጅ። ድስቱን በዚያ በኩል ያዢልኝ።"

ድስቱን በሁለት ጆሮው ይዘው በቆርቆሮዋ በር አላስገባ ሲላቸው እየተሳደቡ አጋደሉት። ጓዳ ሲደርሱ ፈህሚያ ከፊት ለፊት፣ "እምዬ፣ ዜሮ አድርጌዋለሁ፣ አሁን ይተያያሉ" ብላ ጮኸች። ወዲያው ማተሚያው ጉሮሮውን ጠረገና ያንጎራጉር ጀመር። አንድ ትልቅ ካርድ ወጣ፣ ወርቁ የሚያብረቀርቅ።

ሸዋአየሁ በመሠረተ ትምህርት የለመደችውን ፊደል አስታውሳ እየቆጠረች አነበበች። "ለክብርት… ወይዘሮ… ሸዋአየሁ።" ዞራ ፈትሂያን አየቻት።

ሌላ ወጣ። እሱም ለክብርት ወይዘሮ ሸዋአየሁ። ሌላ። አሁንም ሌላ። ማተሚያው የተጠራቀመበትን ሁሉ ይተፋው ጀመር፤ ፈትሂያ ልትሸፍነው ነጠላዋን ጣለችበት፣ ከነጠላው ስር እየገፋ ወጣ።

"ይሄ ሁሉ እኔ ነኝ?" አለች ሸዋአየሁ።

"ማሽኑ ነው" አለች ፈትሂያ።

"እምዬ ናት" አለች ፈህሚያ ከበሩ ብቅ ብላ። "ድገሚው ድገሚው እያለች።"

ሸዋአየሁ ካርዶቹን ሰበሰበች፣ መሬቱ ላይ አንድ ባንድ ዘረጋቻቸው፣ የሽንኩርቱን ጆንያ ጎትታ ከላያቸው ላይ ዘረገፈችው።

"ክብርት ቢላዋ ትፈልጋለች" አለች።

እሁድ ዕለት የክርስቲያኑ ድንኳን ቦታ እስኪጠፋ ሞላ። መምህር ኪሩም ሚስቱን አስከትሎ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ፤ በር ላይ ቆሞ ማንን እንደሚጠይቅ ግራ ገብቶት ዓይኑን አንከራተተ። ሸዋአየሁ ጭልፋዋን እንደያዘች ወጣች።

"በካርድ ነው በአፍ የተጠራኸው?" አለችው።

"በአፍ ነው። እናታችን ራሳቸው ቤት ድረስ መጥተው…"

"እንግዲያ የቅርብ ሰው ነሃ" አለች ሸዋአየሁ። "በል ኮትህን አውልቅና ያንን ጀሪካን አምጣልኝ፣ ውሃ አልቆብናል።"